ስለ አንድ ሳህን ፉል
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የመጽሔታችን አዘጋጆች «ዘንድሮ ከመደበኛ ሥራሽ ወጣ ያለ ነገር ተናገሪ፤ ጽሑፉንም ለመጽሔቱ ስጪን» ባሉኝ ጊዜ፣ ከላቦራቶሪ ውጭ የማውቀው ምን እንዳለ ሳስብ ጥቂት ቀናት አለፉ። ሠላሳ ዓመት ያህል የጥራጥሬን ጠባይ ሳጠና የኖርሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ባለፈው አንድ ዓመት ከሁሉ ይልቅ ያደከመኝ ጥናት በማናቸውም የሥራ ዕቅድ ያልተመዘገበ፣ በጀት ያልተፈቀደለት፣ በገዛ ማድ ቤቴ የተካሄደ ነው። ይኸውም በልጅነቴ ድሬዳዋ ውስጥ ከአንድ ፉል ቤት እበላው የነበረውን ፉል፣ አዲስ አበባ ባለው ቤቴ መልሶ የመሥራት ሙከራ ነው።

ያነሣሣኝ ናፍቆት ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ሙከራ በተውሁት ነበር። አባቴ ሰማንያ ስምንተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። እናቴ ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ከእኔ ዘንድ ነው። ባለፈው ዓመት በክረምቱ መግቢያ ታመው ነበር። ሐኪሙ ሕመሙ እንደ ለቀቃቸው፣ የቀረው ነገር መብላት ብቻ እንደ ሆነ ነገረን። እርሳቸው ግን ምግብ እንቢ አሉ። አጥሚቱም፣ ሾርባውም፣ ገንፎውም ተራ በተራ ቀርቦ ተመለሰ፤ ለነፍስ ማቆያ ያህል ይቀምሱና ሳህኑን ይገፉታል። አንድ ቀን ማታ ምን እንደሚያምራቸው ብጠይቃቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «የመጋላው ፉል» አሉ። ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

(በዚህ መድረክ ለክብራቸው አንቱ እላቸዋለሁ እንጂ በቤታችን «አንተ» ነው የምላቸው። የድሬዳዋ ልጆች እንዲህ ነን፤ ያወቀን ይታዘበናል እንጂ አይቀየመንም።)

ድሬዳዋ፣ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐዲዱ ወደ ሐረር ሊያደርሰው የሚችለውን ተራራ መውጣት ስላልተቻለው ከተማዪቱ ከተራራው ግርጌ ቀረች። ደቻቱ የሚባለው አሸዋማ ወንዝ ከሁለት ይከፍላታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ሲሞላ ግን በሐምሌ 1998 ዓ.ም. እንዳየነው ብዙ ሕይወት ያጠፋል። በአንዱ ወገን ባቡር ጣቢያው ያለበት ከዚራ፣ በሌላው ወገን ገበያው ያለበት መጋላ ይገኛል። አባቴ በባቡሩ የጥገና ክፍል የብረት ሥራ ባለሙያ ስለ ነበሩ ቤታችን በከዚራ በኩል ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ እጄን ይዘው ወንዙን ያሻግሩኝና ወደ መጋላ እንወርድ ነበር።

ፉል ቤቱ ዝቅ ያለ በር፣ ጥላሸት የጠገበ ግድግዳ ነበረው። ባለቤቱ የየመን ተወላጅ ሲሆን፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ቤቱን ዘግቶ ወደ አገሩ ተመልሷል። በጓዳው በኩል፣ ሰው ሊገባበት የሚችል የሚመስለኝ አንገተ ጠባብ ትልቅ ድስት፣ ገላው በጭቃ ግንብ ውስጥ ተቀብሮ አፉ ብቻ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። አስተናጋጁ ረጅም ጭልፋ ወደ ውስጥ ሰድዶ ባቄላውን ከነመረቁ ያወጣና በጋለ የብረት ሳህን ላይ ይገለብጠዋል፤ በብርጭቆ ቂጥ ደፍጠጥ ደፍጠጥ ያደርገዋል፤ ከሙን ይነሰንስበታል፤ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይደርብበታል፤ በመጨረሻም ዘይት ያፈስስበታል። ሳህኑ ከፊታችን ሲደርስ ገና ይንጫጫ ነበር። በዚያች ጠባብ ቤት ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ ዓረብኛ፣ አደርኛና አማርኛ ይነገር ነበር፤ የባቡር ሠራተኞቹ ደግሞ አልፎ አልፎ ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጉበታል። ሴት ልጅ ግን ከእኔ በቀር አላየሁም። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ አባቴን «ሴት ልጅ ፉል ቤት ምን ትሠራለች?» ቢሏቸው፣ አባቴ ቀና እንኳ ሳይሉ «ይርባታላ!» ብለው መለሱ። እኛም አንድ ሳህን ለሁለት፣ ዳቦ ለየራሳችን እንበላ ነበር።

ወደ ሙከራው ልመለስ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰፈሬ ገበያ ባቄላ ገዛሁ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ዘፈዘፍሁት፤ አራት ሰዓት ሙሉ ቀቀልሁት። ውስጡ አሸዋ አሸዋ የሚል፣ ልጣጩ እንደ ቆዳ የሚለጠጥ ነገር ሆነ። አባቴ አንድ ማንኪያ ቀምሰው «ባቄላ ነው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ምክንያቱን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል፤ ቢሆንም መጽሔቱን ከማኅበሩ ውጭ ያሉ ዘመዶቻችንም ስለሚያነቡት ባጭሩ ልናገረው። የባቄላ ፍሬ የሚለሰልሰው ሕዋሳቱን እርስ በርስ ያጣበቀው ፔክቲን በሙቀት ሲላቀቅ ነው። በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ድሬዳዋ በ96 ዲግሪ፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አራት ዲግሪ በአፍ ሲጠራ ትንሽ ይመስላል፤ ለባቄላ ግን የሰዓታት ልዩነት ነው። እሳት ብንጨምርበት ውሃው ቶሎ ይተንናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። በዚህ ላይ ባቄላው አሮጌ ነበር። በሞቃትና እርጥበት ባለበት ቦታ ብዙ የቆየ ፍሬ እየጠቆረና ለመብሰል እያስቸገረ ይሄዳል። ለዚህ ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ፣ በፍሬው ውስጥ ያለው ፋይቴት ሲፈርስ የሚለቀቁት ካልሲየምና ማግኒዥየም ወደ ፔክቲኑ ሄደው ያጠነክሩታል የሚለው ነው። የሚገርመው፣ ኢትዮጵያ ከቻይና ቀጥላ በባቄላ ምርት ከዓለም ስሟ የሚጠራ አገር ሆና ሳለ፣ ፉሉ ደግሞ ከእኛ ደጋ ወርዶ እስከ ሱዳን ድረስ ሲበላ፣ እኔ በከተማዬ የዓመቱን አዲስ ባቄላ ለይቶ የሚሸጥልኝ ነጋዴ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

በሁለተኛው ሙከራ ሶዲየም ባይካርቦኔት ጨመርሁ። ፔክቲን በአልካሊ ውስጥ ቶሎ ስለሚፈርስ ባቄላው በእርግጥ ለሰለሰ። የአባቴ ፍርድ ግን «ሳሙና ሳሙና ይላል» የሚል ሆነ። ልክ ናቸው፤ ከጣዕሙም ሌላ አልካሊ ቫይታሚን ቢ አንድን ስለሚያጠፋ፣ ለደከመ ሽማግሌ የሚሰጥ ነገር አልነበረም።

ሦስተኛው በተለምዶ «ፕሬዠር» በምንለው ድስት ነበር። እዚህ ላይ ለወጣት ባልደረቦቼ አንድ ነገር ላስታውስ። የድስቱ ክዳን የሚጨምረው ግፊት በሁሉም አገር ያው ነው፤ የሚጨመርበት የአየር ግፊት ግን በእኛ ከተማ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል 121 ዲግሪ የሚደርሰው ድስት አዲስ አበባ ላይ ከ117 ዲግሪ ገደማ አያልፍም። በውጭ አገር መመሪያ የተጻፈውን ደቂቃ ሳያርም የሚጠቀም ሰው ጥሬ ይበላል። እኔ ግን ከልክ በላይ አርሜው ኖሮ ባቄላው ልጣጩ ተተርትሮ፣ ገረጣ ብሎ፣ ልቁጥ ሆኖ ወጣ። አባቴ «ገንፎውን ትናንት አልበላም አልሁሽ እኮ» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ነገሩን እንደ ባለሙያ መያዝ ጀመርሁ፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። ደብተር ከፈትሁ። ከእያንዳንዱ ድስት ሠላሳ ፍሬ እየቆጠርሁ በሁለት ጣቶቼ እየጨፈለቅሁ ስንቱ እንደ ቅቤ እንደሚሟሟ፣ ስንቱ እምቢ እንደሚል መዘገብሁ። የፉል ቤቱ ድስት ምስጢር ግዝፈቱ መሆኑንም ተረዳሁ። ዕቃ ሲያድግ የሚይዘው መጠን ሙቀት ከሚያመልጥበት ገላው ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል። አርባ ሊትር የሚይዝ ድስት ቅርፁን ሳይለውጥ ወደ ሁለት ሊትር ቢወርድ፣ እያንዳንዱ ሊትር ሙቀት የሚያጣበት ገላ 2.7 እጥፍ ያህል ይሆናል። ያ የተቀበረ ድስት በጥቂት ረመጥ ሌሊቱን ሙሉ ሳይፈላና ሳይበርድ ያድራል፤ የእኔው ግን ከእሳት በወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ለብ ይላል። ስለዚህ ከሸክላ ሠሪ አንገተ ጠባብ ምንቸት አስሠራሁ፤ በብርድ ልብስና በጭድ በተሞላ ሣጥን ውስጥ አኖርሁት፤ ሌሊት ሁለት ጊዜ እየተነሣሁ እንደገና አፈላሁት። የማይክሮባዮሎጂ ባልደረቦቼ ሣጥኑን ሲሰሙ ፊታቸውን እንዳጨፈገጉ ከዚህ ይታየኛል፤ አትስጉ፤ ሙቀት የማይገድላቸው የባክቴሪያ ዘሮች ለብ ባለ ድስት ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ስለማውቅ፣ ቴርሞሜትሩ ከ65 በታች ወርዶ ያየሁበትን ድስት ለአባቴ ሳላቀርብ ደፍቼዋለሁ።

ሌላም ጥንቃቄ አደረግሁ። የባቄላ መዘፍዘፊያ ውሃ ሆድ የሚነፉትን ስኳሮች ስለሚወስድ፣ የአባቴን ሆድ አስቤ እርሱንም፣ የመጀመሪያውን መቀቀያ ውሃም እየደፋሁ በንጹሕ ውሃ እተካ ነበር። ይህን በደብተሬ ላይ እንደ በጎ ሥራ ጽፌዋለሁ።

በሰባተኛው ቅዳሜ ከሠላሳው ፍሬ ሠላሳውም ለሰለሰ። ልጣጩ ሳይቀደድ ውስጡ እንደ ክሬም ነበር። ለራሴ ቀምሼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ መጋላ ገባሁ ማለት ይቻላል። ሳህኑን አግዬ ለአባቴ አቀረብሁ። አንድ ማንኪያ፣ ደግሞም ሁለተኛ ማንኪያ ቀመሱ። «ይህ በጣም ጥሩ ባቄላ ነው» አሉና ሳህኑን ገፉት።

በዚያን ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ወደ ድሬዳዋ ሄድሁ። አዲሱ ባቡር ተሳፋሪውን የሚያወርደው ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራው ጣቢያ ነው፤ የአባቴን የድሮ ጣቢያ ያየሁት በማግሥቱ በእግሬ ሄጄ ነው። ፉል ቤቱ የነበረበት ቦታ ዛሬ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነው። ከዘመድ ዘመድ ተጠያይቄ በዚያ ጓዳ በወጣትነታቸው ይሠሩ የነበሩ አንዲት አዛውንት አገኘሁ። ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፤ እጃቸው ግን ሲናገሩ አሁንም ድስት ያማስላል። ደብተሬን አውጥቼ ጠየቅኋቸው።

«ውሃውን ከየት ታመጡ ነበር?»

«ከቧንቧ ነዋ! ግን ጥሬውን አንጨምርም። ማታ ለሻይ የፈላው በርሜል ውስጥ ያድራል፤ ከላዩ እየጠለቅን ነው የምንጨምር። ዝቃጩን አንነካም።»

ባልደረቦቼ፣ በዚህ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ልገልጸው አልችልም። የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ኖራ የበዛበት ጠንካራ ውሃ ነው፤ የከተማው ማንቆርቆሪያ ሁሉ ውስጡ ነጭ ቅርፊት አለው። እንዲህ ያለው ውሃ ባቄላን ማጠንከር ሲገባው እንዴት ያን የመሰለ ፉል እንደ ወጣው ሲያስጨንቀኝ ቆይቶ ነበር። ውሃው ሲፈላ ካልሲየም ካርቦኔቱ ይዘቅጣል፤ ከላይ የሚቀረው የለሰለሰ ውሃ ነው። እኒያ ሴት ኬሚስትሪ ሳይማሩ ውሃ ያክሙ ነበር። አራት ገጽ ጻፍሁ። እርሳቸውም መናገራቸውን ቀጥለው ስለ ረመጡ፣ ስለ ከሙኑ አቆላል፣ ወደ ድስቱ ማታ ስለሚጣል አንድ ሁለት እፍኝ ምስር ክክ ነገሩኝ። ስለ ምስሩ በደብተሬ የጻፍሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ማብዣ» የሚል። ነጋዴ ባቄላ ሲወደድበት የሚያደርገው ነገር ነው ብዬ ናቅሁት።

በእውነቱ ከሆነ የውሃው ምስጢር አዲስ አበባ ላይ ብዙም አልጠቀመኝም፤ የእኔ ሰፈር ውሃ ከመጀመሪያውም ለስላሳ ነው። ሆኖም በስምንተኛው ቅዳሜ አፍልቼ አዝቅጬ፣ ሌሊቱን ሙሉ አሳድሬ ፉሉን ሠራሁና ለአባቴ አቀረብሁ፤ የውሃውንም ታሪክ ነገርኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ዳቦ ቆርሰው ሳህኑን በዳር በዳሩ ሲዳስሱት አየሁ።

«መረቁስ?» አሉኝ።

«የትኛው መረቅ?»

«እኔ የምበላው ነዋ!»

አልገባኝም። አባቴ ነገር ማስረዘም አይወዱም። «ፍሬውንማ መቼ በላሁት፣ ልጄ? ፍሬው ያንቺ ነበር። እኔ ዳቦዬን መረቁ ላይ እያጠቀስሁ ነበር የምበላው» አሉ። ትንሽ ቆይተውም «በወሩ መጨረሻ ሳምንት ከአንድ ሳህን በላይ አይገዛም ነበር፤ በኋላም ለመድሁት» አሉ።

ማስታወስ ሞከርሁ። ትዝ የሚለኝ የሳህኑ መሐል ነው፤ የተደፈጠጠው ባቄላ፣ የሽንኩርቱ ክምር፣ ቃሪያው። በዳሩ ላይ የሚዘዋወሩት የአባቴ ጣቶች ግን አሁን ሲነግሩኝ ታዩኝ። ሁልጊዜ ከዳር ከዳር ይጠርጉ ነበር። ዳሩን የሚወዱት ስለሚግል ይመስለኝ ነበር።

ስምንት ቅዳሜ ሙሉ ሁለታችን ስለ አንድ ምግብ ስናወራ የነበርን መስሎኝ ኖሮ፣ የምናወራው ስለ ሁለት ምግብ ነበር። እኔ ፍሬውን በጣቴ እየጨፈለቅሁ ስቆጥር፣ እርሳቸው የሚጠብቁትን በየሳምንቱ በመታጠቢያው ገንዳ ደፍቼዋለሁ። ከባቄላው የሚወጣው ስታርች፣ ፕሮቲን፣ የተላቀቀው ፔክቲን፣ ያ ቡናማ ቀለም፣ ጨዉ ሁሉ የሚሄደው ወደ ውሃው ነው። በሁለት ውሃ የታጠበ ባቄላ የቱንም ያህል ቢለሰልስ መረቁ ቀጭን ነው፤ ዳቦ ላይ አይይዝም። አዛውንቷ የነገሩኝ ምስር ክክም ማብዣ አልነበረም። ምስር ክክ ልጣጭ ስለሌለው ሌሊቱን ሙሉ ሟምቶ መረቁን የሚያወፍር፣ ወዝ የሚሰጥ ነገር ነው። ግብፆችም ፉላቸውን በዚሁ መንገድ እንደሚያወፍሩ ከዓመታት በፊት አንብቤ አውቅ ነበር፤ ሲነገረኝ ግን አልሰማሁትም።

በዘጠነኛው ሙከራ ባቄላውን በትንሽ ጨው ዘፈዘፍሁት፤ ሶዲየሙ የካልሲየሙን ቦታ ስለሚይዝ ለልጣጩ መለስለስ ይረዳል። የመዘፍዘፊያውን ውሃ ብቻ ደፋሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ምንቸቱ የገባው ውሃ ጠብታው ሳይወጣ አደረ። ለአንድ ኪሎ ባቄላ አንድ እፍኝ ምስር ክክ ጨመርሁ። ቲማቲምና ሎሚ አሲድ ስላላቸው መብሰሉን እንዳያዘገዩት እስከ ጠዋት አላስጠጋኋቸውም። ሌሊት የተነሣሁት ሦስት ጊዜ ነው። ሲነጋ ክዳኑን ስከፍት መረቁ እንደ ቡና ጠቁሮ፣ በጭልፋው ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይቀር ነበር። ከሠላሳው ፍሬ ስንቱ እንደ ለሰለሰ አልቆጠርሁም።

ሳህኑን አገልሁት፤ ዳቦ ለየራሳችን አደረግሁና አንድ ሳህን በመሐላችን አኖርሁ። አባቴ ዳቦ ቆረሱ። በዳሩ በኩል አጠቀሱ፤ ዋጡ። እንደገና ቆረሱ። ምንም አላሉም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የዳቦውን ግማሽ ሲጨርሱ ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያም በዳቦው ቅርፊት፣ በሳህኑ መሐል ያለውን ባቄላ ቀስ አድርገው ወደ እኔ በኩል ገፉት። በላሁት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ፉል እንበላለን። በሳምንቱ ሌሎች ቀናትም ሾርባውን መቅመስ ጀምረዋል፤ ክብደታቸው ግን ገና ነው። ስለ መረቁ ያላቸው አስተያየት ትንሽ ወፍሯል የሚል በመሆኑ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ምስሩን ወደ ግማሽ እፍኝ እቀንሰዋለሁ።